ጳጉሜ ስድስት የጠፋችበት ገጽ

ሰነድ ያልተጻፈላቸው የድረ ገጽ ቁራጮች በሐረር ሥራ ላይ ሲውሉ

ከሐኪም ጋራ ወገብ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው ጥንታዊቷ ሐረር፣ በአንድ እይታ ትገባለች። የግንቡ ዙሪያ፣ የመስጊዶቹ ሚናራ፣ የፈረስ መጋላው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ በቀለም የደመቁት የግቢ ግድግዳዎች ከአንድ ቦታ ይታያሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ቦታዎች እንዳሏት ጠቅሷል። ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱም በዚሁ ጋራ ስም ሐኪም ተብሎ ይጠራል።

በዚህች ከተማ ቀን በሦስት መንገድ ይቆጠራል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የትምህርት ቤት ካርድ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ይሄዳል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሸዋሊድ በዓል የሚመጣው በሂጅራው የሸዋል ወር ነው። ከድሬዳዋ የሚነሳ የአውሮፕላን ትኬትና ከውጭ የሚላክ የሐዋላ ወረቀት ደግሞ የጎርጎርዮሳዊውን ቀን ይዘው ይመጣሉ። የሐረር ሰው ሦስቱንም ሳይደናገር ያስኬዳል። የሚደናገረው ኮምፒውተሩ ነው።

በጋራው ሥር አንድ አነስተኛ ክሊኒክ እንዳለ እናስብ። የክትባት ቀጠሮን ከወረቀት መዝገብ ወደ ድረ ገጽ እንድታዛውር አንዲት ወጣት ፕሮግራመር ተቀጥራለች። ክሊኒኩም ልጅቷም የምናብ ናቸው፤ የሚገጥማት ነገር ግን በዚህ ሙያ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ገጹ አልቋል። በመጀመሪያው የሙከራ ቀን ከነርሷ አጠገብ ተቀምጣ ታያለች። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ትገባለች።

«መቼ ተወለደ?» ትላለች ነርሷ።

«በ2015፣ ጳጉሜ ስድስት። የአዲስ ዓመት ዋዜማ።»

ነርሷ የቀን መምረጫውን ትከፍታለች፣ ጳጉሜን ታወጣለች፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ታንሸራትታለች። ከዚያ ወደ ወጣቷ ትዞራለች።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አምስት ላይ ያቆማል። ስድስት የለውም።»

«ይቅርታ ሲስተር፣ ለአሁኑ መስከረም አንድ ብለው ይመዝግቡልኝ። ማታ አስተካክለዋለሁ።»

«መስከረም አንድማ አልልም። የልጁ ቀን አይደለም። በወረቀቱ ልጻፈውና አንቺ ስታስተካክዪ ይገባል።»

ነርሷ ልክ ናት። በዚያች ቅጽበት ግን የወራት ሥራ ወደ ወረቀት ተመለሰ። ምክንያቱ ደግሞ ወጣቷ ጽፋው የማታውቀው፣ ከሌላ ሰው ወስዳ በገጿ ላይ የገጠመችው አንድ ቁራጭ ነው።

ሰው የሠራውን መውሰድ

ዛሬ ድረ ገጽን ከባዶ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ቀን መምረጫ፣ ተዘርጋፊ ዝርዝር፣ የፍለጋ ሳጥን፣ የስልክ ቁጥር መቀበያ፣ ሠንጠረዥ፣ ብቅ የሚል መስኮት ሁሉም ቀድመው ተሠርተው በነጻ ይገኛሉ። ባለሙያዎቹ ዊጄት ወይም ኮምፖነንት ይሏቸዋል። እነዚህን ቁራጮች አያይዞ የሚያቆመው መዋቅር ፍሬምወርክ ይባላል። ጄኩዌሪ ዩአይ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ቀን መምረጫው ከዋና መስህቦቹ አንዱ ነበር። ከዚያ አንጉላርጄኤስ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፌስቡክ ሪአክትን ለቀቀ፤ በ2014 ቪው ተከተለ። በእያንዳንዱ ዙሪያ እጅግ ብዙ ቁራጮች ተሠርተዋል።

ሐሳቡ መልካም ነው። አንድ ሰው ያሰበበትን ችግር ሌላው ዳግመኛ እንዳያስብበት ያደርጋል። ገንዘብና ጊዜ ለሚያጥረው የሐረር ክሊኒክ፣ ለአንድ ሰው ድርጅት፣ ለተማሪ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ቁራጩ ሥራውን የሚያቀልለው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስና የት ላይ እንደሚያቆም ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ነው። ይህ ካልተጻፈ የሚወስደው ሰው የሠሪውን ሐሳብ ከኮዱ ውስጥ መልሶ ለመፈልቀቅ ይገደዳል። ያ ሥራ ብዙ ጊዜ ከባዶ ከመጻፍ ይበልጣል፤ ከዚህም የከፋው፣ መሥራት እንዳለበት የሚያውቀው ዘግይቶ፣ ነርሷ ፊት ተቀምጦ መሆኑ ነው።

የማታው ሥራ

ወጣቷ ማታ ቤቷ ገብታ የቁራጩን የሰነድ ገጽ ትከፍታለች። የምታገኘው የተለመደ ነው። ከላይ አንድ የሚያምር ምሳሌ አለ፤ ሁለት መስመር ኮድ ተገልብጦ ሲለጠፍ ቀን መምረጫው ብቅ ይላል። ከሥር የአማራጮች ሠንጠረዥ ይከተላል። «የቀን ቅርጽ» ከሚለው አጠገብ «የቀኑን ቅርጽ ይወስናል» ተብሎ ተጽፏል። «የመጀመሪያ ወር» ከሚለው አጠገብ «የመጀመሪያውን ወር ይወስናል» ይላል። ሠንጠረዡ ሞልቷል፤ አዲስ ነገር ግን አልነገራትም።

ስለዚህ ኮዱን ከፍታ ታነባለች። የጠፋችውን ቀን ምክንያት ታገኛለች፤ ቁራጩ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ጳጉሜን ስድስት ያደርጋታል። ይህ ከጎርጎርዮሳዊው የተቀዳ ልማድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ ይኸውም ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ነው። 2007፣ 2011 እና 2015 እንዲህ ያሉ ዓመታት ነበሩ። ቁራጩ በ2015 የነበረችውን ቀን ሰርዞ በ2016 ያልነበረች ቀን ፈጥሯል። ሠሪው «የዘመን ስሌቱን ከዚህ ደንብ ወስጃለሁ» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስህተቱን ገና ሲያነብ ይይዘው ነበር።

ያንን ታርማለች። ቀጥሎ ዓመቱ ተቆርጦ ይወጣባታል። ከሌላ ቁራጭ የለመደችውን የቅርጽ ምልክት ስለተጠቀመች ነው። በጄኩዌሪ ዩአይ ቀን መምረጫ ውስጥ የላቲኗ ዋይ ሁለት ጊዜ ስትጻፍ ባለ አራት አሃዝ ዓመት ትሰጣለች፤ በሌሎች ብዙ ቁራጮች ዘንድ ግን ሁለት ዋይ ማለት የዓመቱ መጨረሻ ሁለት አሃዝ ብቻ ነው፤ ለሙሉው ዓመት አራት ያስፈልጋል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ትልቋ ዋይና ትንሿ ዋይ ይለያያሉ፤ ትልቋ የሳምንታት አቆጣጠር የሚከተለውን ዓመት ስለምታመለክት በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ ባሉት የፈረንጅ ቀናት ዓመቱን በአንድ ታዛባለች። በቀሩት ቀናት ሁሉ ልክ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም።

ከዚያ ወሩ ይስታል። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሠራ ቀን የሚይዝበትን ክፍል ከጃቫ ወሰደ፤ በዚያ አሠራር ወራት ከዜሮ ይጀምራሉ። የፈረንጆቹ ጥር ዜሮ ነው፣ ታኅሣሣቸው አሥራ አንድ። አንዳንድ ቁራጮች ይህንን ልማድ ይዘው ይቀጥላሉ፤ ሌሎች አርመው ከአንድ ይጀምራሉ። የትኛውን እንደሚከተል ያልጻፈ ቁራጭ ላይ የፈረንጆቹን መስከረም ለማለት ዘጠኝ የሰጠ ሰው ጥቅምታቸውን ያገኛል። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር ሕፃን ከልደት በኋላ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይከተባል። በጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የስድስት ሳምንት ቀጠሮው ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አንድ ወር ቢንሸራተት የመጀመሪያው ቀጠሮ የሁለተኛው ክትባት ጊዜ አልፎ ይመጣል።

በመጨረሻ ሁሉም የተስተካከለ ሲመስል በመዝገቡ ውስጥ ያለው ቀን በአንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኘዋለች። ነርሷ የ2015ን ጳጉሜ 6፣ ማለትም ሴፕቴምበር 11ን ስትመርጥ የተቀመጠው ሴፕቴምበር 10 ነው። ቁራጩ የተመረጠውን ቀን በእኩለ ሌሊት ሰዓት ይይዘውና ሲያስቀምጥ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ይቀይረዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም የእኛ እኩለ ሌሊት በዚያ ሰዓት የዋዜማው ማታ ነው። ሰዓቱ ሲጣልና ቀኑ ብቻ ሲቀር አንድ ቀን ጠፍቷል። ሠሪው ለንደን ተቀምጦ በክረምት የሞከረው ከሆነ ይህ ፈጽሞ አይታየውም፤ የእሱ ሰዓትና የዓለም አቀፉ ሰዓት አንድ ናቸውና።

አንድ ቀን ብቻውን ክትባቱን አያበላሽም። በካርዱ ላይ አንድ ቀን፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ቀን ሲኖር ግን ያው ሕፃን ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል፤ የቀረ ቀጠሮ ፍለጋ ሲወጣ የተከተበው እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ሠራተኛውም በመዝገቡ ማመን ያቆማል። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይጀምርና የወረቀቱ ሥራ ሳይቀር የኮምፒውተሩ ይጨመርበታል።

አራቱ ችግሮች አራት ዓረፍተ ነገር ናቸው። የዘመኑ ደንብ ይህ ነው፤ የቅርጹ ምልክት ትርጉም ይህ ነው፤ ወራት ከዚህ ቁጥር ይጀምራሉ፤ የሚመለሰው እሴት በዚህ ሰዓት ክልል ነው። ሠሪው ሁሉንም ሲሠራ ወስኗቸዋል። ውሳኔውን ስላልጻፈ ግን ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሁሉ በየቤቱ፣ በየማታው፣ ለየብቻው ያገኘዋል።

ሦስት አቆጣጠር በአንድ ሳጥን

የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለኮምፒውተር ከባድ አይደለም። አሥራ ሁለት ወር እኩል ሠላሳ ቀን፣ አንድ ትንሽ ወር፣ በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ አንድ ተጨማሪ ቀን። ጎርጎርዮሳዊው የሚያደርገውን የመቶ ዓመት መዝለል አያደርግም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2100 ጎርጎርዮሳዊው የካቲት 29ን ሲዘል እንቁጣጣሽ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሸጋገራለች። «ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ ዛሬም በየአራት ዓመቱ አንዴ ይሳሳታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በየዓመቱ ይሳሳታል።

ከባዱ ነገር በዙሪያው ያለው ልማድ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ ይጀምራል። የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት የሚሰበሰበው ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ነው፤ ስለዚህ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው የሪፖርት ወር ጳጉሜን በውስጡ ይዞ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ በፈረንጅ ሰዓት ስምንት ነው። ይህን የትኛውም የውጭ ቁራጭ በራሱ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅም። የሚጠበቀው የት ላይ እንደሚስተካከል መናገር ነው።

የሂጅራው ደግሞ ሌላ ነው። በስሌት የሚሄድ የሂጅራ አቆጣጠር አለ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ የምትጠቀምበት ኡም አል ቁራ የሚባል አቆጣጠር አለ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ሐረር ውስጥ ግን የሸዋል ወር መግባት የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። የሸዋሊድን ቀን ከወራት በፊት በእርግጠኝነት የሚያስቀምጥ ቁራጭ ካለ፣ እርግጠኝነቱ ከየት እንደመጣ ሊነግረን ይገባል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ የያዘ ቁራጭ አለ። ኪት ዉድ የተባለ ፕሮግራመር በጄኩዌሪ የሠራው የአቆጣጠሮች ስብስብ ከጎርጎርዮሳዊው ጋር የኢትዮጵያውን፣ የቅብጡን፣ ሁለቱን የሂጅራ ዓይነቶችና ሌሎችንም ይዟል። የጳጉሜ ደንቡ ትክክል ነው፤ ለእያንዳንዱ አማራጭም ማብራሪያ ተጽፎለታል። ለሐረር የተሠራ እስኪመስል ይስማማል። የተሠራው ግን በጄኩዌሪ ላይ ነው። የጄኩዌሪ ዩአይ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ከጥገና ያለፈ አዲስ ሥራ እንደማይጨምሩ አሳወቁ፤ የአንጉላርጄኤስ ድጋፍ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 አበቃ፤ በቀን ስሌት ዝነኛ የነበረው ሞመንት ከዚያ በፊት በ2020 አዲስ ነገር መጨመር አቁሟል። ፍሬምወርክ በየጥቂት ዓመቱ ሲቀየር ቁራጮቹ ተከትለውት ያረጃሉ፤ ሠሪዎቹም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ለጥያቄ መልስ የሚሰጠው የጻፉት ሰነድ ብቻ ነው። በሚገባ የተጻፈ ከሆነ ሌላ ሰው በአዲሱ ፍሬምወርክ ያንኑ እውቀት ይዞ ይቀጥላል፤ ካልተጻፈ እውቀቱም አብሮ ይቀበራል።

የብራውዘሮቹ የራሳቸው መሣሪያም ይህንኑ ያስተምራል። የዩኒኮድ የአካባቢ ልማዶች መዝገብ ለኢትዮጵያ ሁለቱንም አቆጣጠር ይዟል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ለጎርጎርዮሳዊው ነው። አማርኛና ኢትዮጵያ ተብሎ የተመረጠበት ገጽ የወሩን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፎ ቀኑን በፈረንጅ ሲያወጣ የብዙ ሰው ግራ መጋባት ከዚህ ይመነጫል። የእኛን ለማግኘት አቆጣጠሩን በስም መጥራት ያስፈልጋል፤ ሲጠሩም ሁለት አማራጭ አለ፣ አንዱ በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው በዓመተ ዓለም። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው 2016 ይጠብቅና 7516 ያገኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልዩነቱን ያላነበበ ግን መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

ከቀን ባሻገር

ችግሩ በቀን አያበቃም። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በድሬዳዋ ሲጀምር፣ ብዙም ሳይቆይ ሐረርና ሐረማያ ሲከተሉ፣ በ07 የሚጀምር ቁጥር ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቀድሞ ገባ። እስከዚያ ድረስ የእጅ ስልክ ማለት በ09 የሚጀምር ነበር። የስልክ መቀበያ ቁራጭ «ትክክለኛ የኢትዮጵያ ቁጥር» የሚለውን በ09 ብቻ ከወሰነና ደንቡን ካልጻፈ፣ አዲሱን ቁጥር የያዘ ሰው «ቁጥሩ ስህተት ነው» ተብሎ ይመለሳል። ገጹን የሠራውም ሰው ደንቡ የት እንደተደበቀ ሲፈልግ ቀኑ ያልፋል።

የስም ቅጽም እንዲሁ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ለምንል ሰዎች «የቤተሰብ ስም» የሚጠይቅ ሳጥን ተገጥሞ ይመጣል። ቁራጩ ሁለተኛውን ስም ለፊደል ቅደም ተከተል ይጠቀምበት እንደሆነ፣ ሦስተኛውን ይጥለው እንደሆነ ካልተጻፈ፣ አንዱ ሠራተኛ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ያስገባበትና መዝገቡ ለሁለት ይከፈላል።

የፍለጋ ሳጥኑ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነው። በድምፅ በሚሠራ የቁልፍ ሰሌዳ «ሰ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይነካል፤ ከመጀመሪያው በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው «ስ» ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ፍለጋ የሚጀምር ቁራጭ ሰውየው ያላሰበውን ፊደል ይዞ ይሮጣል፤ አንዳንዱም ፊደሉ ሳይጠናቀቅ ሳጥኑን አጽድቶ ያስጀምራል። ብራውዘሩ «ፊደል እየተገነባ ነው» እና «ፊደሉ አልቋል» የሚሉ ምልክቶችን መላክ ይችላል። ቁራጩ እነዚህን ያዳምጥ እንደሆነ ግን በሰነዱ ላይ ተጽፎ ማግኘት ብርቅ ነው። በዚህ ላይ ሞክሼ ፊደላት አሉ። «ሐኪም» ብሎ የተመዘገበን ወረዳ «ሀኪም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ ዝርዝር ይመለስለታል። በዚያው ከተማ ደግሞ ያው ወረዳ በኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በሐረሪ ቋንቋም ይጻፋል። የማጣሪያውን ደንብ ከውጭ ለመቀየር መግቢያ ቀዳዳ ካለ ችግሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቀዳዳው ኖሮ ካልተጻፈ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

እንግዳውና የቤቱ ሰው

ሰነድ የማይጻፈው በክፋት አይደለም። አብዛኞቹ ቁራጮች የአንድ ወይም የሁለት ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ናቸው። ሠሪው ለራሱ ችግር ሠራው፣ ሠራለት፣ ለሌላም ይጠቅማል ብሎ በነጻ ለቀቀው። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ለእሱ ሁሉም ግልጽ ስለሆነ የሚጻፍ ነገር አይታየውም።

የሐረር ቤት ውስጥ የገባ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ጌ ጋር በሚባለው ባህላዊ ቤት ውስጥ መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ነደባ ይባላሉ። የአሚሩ ነደባ አለ፣ ትልቁ አለ፣ ትንሹ አለ፣ የተሸሸገው አለ፤ እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ማንም ሳይነግረው ቦታውን ያውቃል። እንግዳ ግን ካልተነገረው የአባወራው ቦታ ላይ ይቀመጣል። የሐረር ሰው እንግዳውን በሩ ላይ ተቀብሎ «እዚህ ይቀመጡ» ይለዋል፤ ሥርዓቱን ስለማያውቅ አይወቅሰውም። ሰነድ መጻፍ ማለት ይህ አቀባበል ነው። ቁራጩን ለሕዝብ የለቀቀ ሰው በሩን ከፍቷል፤ ለሚገባው ደግሞ ቦታውን ማመልከት አለበት።

ምክንያቱ በሠሪው ብቻ አይደለም። ብዙ የሰነድ ገጾች ከኮዱ ውስጥ በመሣሪያ ተቀንጭበው የሚወጡ ናቸው። የአማራጩን ስም ይነግሩናል፤ ለምን እንዳለና ከሌላው ጋር ሲገጥም ምን እንደሚሆን ግን መሣሪያ አያውቅም። ኮዱ ሲቀየር ደግሞ ምሳሌው እንደቆየ ይቀራል። አሠሪዎችም የሚከፍሉት ለሚታይ ገጽ ነው። «ለሚቀጥለው ሰው ለመጻፍ ሦስት ቀን» የሚል መስመር በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ቢገባ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ውሎ አድሮ ግን ክሊኒኩ ያንን ሦስት ቀን በብዙ እጥፍ ይከፍለዋል፤ ያች ወጣት ሥራ ቀይራ ሌላ ሰው ሲተካት እንደገና ይከፍለዋል።

ተጽፎ የቆየው

ተቃራኒውን የሚያሳይ ታሪክ በእጃችን አለ። እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ በየሶፍትዌሩ የተለያየ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላቱ የሰጠውን ቁጥር የሚያውቀው ራሱ ነበርና። እንደ ፍስሐ አጥላው እና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች በደከሙበት ሥራ ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ከሁሉ በፊት ሰነድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥርና ስም ሰጥቶ ለዓለም በግልጽ አስቀመጠ። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጽፈው በዚያ ሰነድ ነው፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 የሌሎች ቋንቋዎቻችን ፊደላት ሲጨመሩም መንገዱ የተጠረገ ነበር።

የዘመን ስሌቱም እንዲሁ ተጽፎ ተርፏል። በየነ እና ኩድሌክ በሚባሉ ሰዎች ስም የሚጠራው የኢትዮጵያ ቀን መለወጫ ስልት ከነቀመሩና ከነምሳሌው በግልጽ ስለወጣ በተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች ብዙዎች ወስደው ሠርተውበታል። በፒኤችፒ የተሠራው አንደኛ የተሰኘ የቀን መቁጠሪያ ስብስብም ይጠቀሳል፤ የመግቢያ ገጹ ቀን ከመለወጥ አልፎ ባሕረ ሐሳብን ጭምር በምሳሌ ያስረዳል። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና ኢትዮጵያም ለጤና መረጃ የምትጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከሚቀበሉ ሥርዓቶች አንዱ ነው። ገጾቹ ወደ ሪአክት ሲዛወሩ ልዩ ልዩ አቆጣጠሮችን የሚያስተናግደው ክፍል ለብቻው ወጥቶ፣ ማንም እንዲወስደው በግልጽ ተቀምጧል።

በዓለም ደረጃም ጥሩ አርአያ አለ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ማኅበር አካል ጉዳት ላለባቸው ተጠቃሚዎች ሲል ያዘጋጀው የዊጄቶች መመሪያ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ፣ ትኩረቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ለስክሪን አንባቢ ምን እንደሚነገር አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ተጠቃሚው ምን ያደርጋል ከሚለው ጥያቄ ስለሚነሳ ባዶ ሠንጠረዥ አይደለም።

ከእኛ የሚጠበቀው

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘው አገራዊ የሥልጠና መርሐ ግብር ተጀምሯል። ብዙ ወጣቶች ኮድ መጻፍ ይማራሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ አዲስ ቁራጭ ይፈጥራሉ፤ አብዛኞቹ የሌላውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ሁለት ነገር አብሮ ቢለመድ እመኛለሁ፤ ከመውሰድ በፊት ማንበብ፣ ከሠሩ በኋላ መጻፍ።

ከመውሰድ በፊት ያለው ቀላል ነው። የሚያምረውን ምሳሌ ትቶ ጠርዙን መሞከር ነው። ጳጉሜ ስድስትን ምረጥ። ባዶ ተወው። 07 አስገባ። በአማርኛ ጻፍ። ቀኑን አስቀምጠህ መልሰህ ክፈት። ሰነዱ ለእነዚህ መልስ ከሌለውና ኮዱም ቶሎ የማይነበብ ከሆነ፣ ቁራጩ የቱንም ያህል ቢያምር መተው ይሻላል። ትንሽና ግልጽ የሆነውን በራስ መጻፍ አያሳፍርም።

መጻፉ ደግሞ አምስት ጥያቄ መመለስ ነው። ለምን ተሠራ? ምን ይቀበላል? ምን ይመልሳል? የት ላይ ያቆማል? እንዴት ይቀየራል? አንድ ገጽ ይበቃል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ ቢጻፍ ደግሞ እንግሊዝኛው የከበደው ጀማሪ ሳይሸማቀቅ ይገባበታል። ከሰው የወሰድነውን ቁራጭ ታግለን ከተረዳን ያንን መረዳት ወደ ሠሪው መልሰን መላክ አለብን። ክፍት ሶፍትዌር ላይ ሰነድ ማስተካከል ኮድ ከማስተካከል ያነሰ አስተዋጽኦ አይደለም፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠርና ፊደል የሚመለከተውን ክፍል ከእኛ በተሻለ የሚጽፈው የለም።

ተቋማትም ድርሻ አላቸው። እንደ ሐረማያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት ሥራ አዲስ ሥርዓት ብቻ መሆን የለበትም፤ በሰፊው ሥራ ላይ ያለን ቁራጭ መርምሮ፣ ሞክሮ፣ ሰነዱን ጽፎ ማስረከብ እኩል ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ሥርዓት የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችና ክሊኒኮች ሰነዱን ከክፍያው ጋር ያስሩት። የተረከቡት ገጽ ውስጥ የትኛው ቁራጭ ከየት እንደመጣና ምን እንደተቀየረበት የሚናገር ጽሑፍ ከሌለ ሥራው አላለቀም።

ጊዜውም ቅርብ ነው። ቀጣዩ ጳጉሜ ስድስት በ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያች ቀን ሐረር ውስጥም፣ በመላው አገሪቱም ልጆች ይወለዳሉ፤ ገንዘብ ይላካል፤ ቀጠሮ ይያዛል። ሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ሁሉ ያችን ቀን ያውቃት እንደሆነ ዛሬ መሞከር ይቻላል። ከሞከርንና ካስተካከልን በኋላ ግን ያወቅነውን ሳንጽፍ አንነሳ፤ ሌላዋ ጳጉሜ ስድስት ከአራት ዓመት በኋላ ስትመጣ ገጹን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።